መርዶ በኦምዱርማን

ትናንት የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶሻል ወርክ ልትማር እንደሆነ ስትነግረኝ «ጥሩ ነው» ብቻ አልኳት። ሌላም ነገር እንድላት ጠብቃ ነበር መሰለኝ።

እኔም ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ኻርቱም የተማርኩት ይህንኑ ነው። አባቴ ሱዳናዊ ነበር፤ እናቴ የወሎ ሴት፣ ዐማራት በሚባለው የኻርቱም ሰፈር የሰው ቤት ትሠራ ነበር። እኔ እዚያው ኻርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ተወልጄ ስላደግሁ አማርኛዬ የጓዳ አማርኛ ነው፤ «ነይ»፣ «ብይ»፣ «በሩን ዝጊ»። በመጨረሻው ዓመት ለልምምድ ኦምዱርማን አንድ ሆስፒታል ተመደብኩ። የበጋው ሙቀት ገና በጠዋቱ የአውቶቡሱን ወንበር ያግለው ነበር። የነጭ ዓባይን ድልድይ ስንሻገር ብቻ ትንሽ ነፋስ እናገኝ ነበር።

አንድ ቀን ኃላፊዬ ጠራችኝ። «እናትሽ ሐበሻ ናት አይደል? ዘይነባ የምትባል የአገሯ ሴት ኮሪደሩ ላይ አለች። ልጇ አሁን ሞተ። ዐረብኛ ብዙም አይገባትም። ያላ፣ አንቺ ንገሪያት።»

ክፍል ውስጥ ተምረነዋል፤ አጠገቧ ተቀመጪ፣ ዓይኗን እያየሽ በቀስታ ተናገሪ። ተቀመጥኩ። ዘይነባ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። የሕፃኑን ብርድ ልብስ አጣጥፋ ጭኗ ላይ ይዛለች። «ሞተ» ማለት ከበደኝ። እናቴ ስለሞቱ ሽማግሌዎች ስታወራ የምትለው ቃል ትዝ አለኝ።

«ልጅሽ ዐረፈ» አልኳት።

ፊቷ በራ። «አልሐምዱሊላህ! ትኩሳቱ ለቀቀው? ተኛልኝ?» ብላ እጄን ሳመችው።

ውስጤ ምንም አልተንቀሳቀሰም። «አይደለም፤ ሞተ» አልኳት፣ ሰዓት ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው። እጄን ወዲያው አልለቀቀችውም። እንደያዘችኝ «የታል?» አለች። ወሰድኳት።

ቤት ገብቼ ፉል በላሁ፤ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ለእናቴ ነገርኳት።

«ብቻሽን መርዶ ነገርሽ? ልጄን!» አለች ደንግጣ።

«መርዶ» የሚለውን ቃል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እሷ አገር በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው አሉ የሚነገረው። በማግስቱ እናቴ የዘይነባን ቤት አጠያይቃ ይዛኝ ሄደች። እነሱ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እኔ ሻይ ቀዳሁ።

ይኸው እስከ ዛሬ በዚሁ ሥራ አለሁ። ሰው ሲሞት «ሞተ» ነው የምለው። ባልደረቦቼ ደረቅ ነሽ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ያን ቀን የቀረው እንባም እስካሁን አልመጣም።