የጋሽ ታዴ ጣሊያንኛ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊያ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወጥ ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብላ፣ እኔ ሦስት ራስ ሽንኩርት ልጬ ሳልጨርስ፣ የጣሊያንን ጉዞ አሰናድታ ጨረሰችው። ሮም አራት ቀን፣ ፍሎረንስ ሦስት፣ ቬኒስ ሁለት። ሆቴሉን ቡክ አደረገች፣ የባቡሩን ትኬት ቆረጠች፣ የሙዚየሙን ወረፋ ሳይቀር ከዚሁ ሆና ያዘች። «ቋንቋውስ?» ብላት ስልኳን አንሥታ አወዛወዘችልኝ፤ እሱ ያወራልኛል ማለቷ ነው። በሽንኩርቱ እንባዬ እየወረደ ሳቄ መጣ። «ማሚ፣ ዋትስ ፈኒ?» አለችኝ። ከየት ልጀምርላት!

እኔ በሃያ ዓመቴ እነዚሁኑ ከተሞች ለማየት ስነሣ ስልክ ከግድግዳ ጋር በሽቦ የታሰረ ዕቃ ነበር። እንዲያወራልኝ የታጨው ደግሞ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጋሽ ታዴ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከኮሌጅ ነው። ሰዓቱ ስለተመቸኝ ብቻ የሥነ ጥበብ ታሪክ ኮርስ ወሰድኩ። መምህራችን ክፍሉን አጨልመው የጣሊያንን አደባባይና ጉልላት ግድግዳው ላይ ሲያሳዩን፣ እንደ ሌሎቹ ልጆች ልተኛ ነበር ያሰብኩት፤ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። ከቤተ መጻሕፍት የመንገደኞች መጽሐፍ ተዋስኩ፣ ትልቅ ካርታ አመጣሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ልብስ መሸጫ ውስጥ ሠራሁ። የትኛውን ከተማ በየትኛው ቀን እንደማይ፣ የትኛው ጉልላት ላይ ጠዋት፣ የትኛው ላይ ከሰዓት በኋላ እንደምወጣ ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሐምሌ ላይ ካልሄድኩ የምሞት ነበር የመሰለኝ። የሃያ ዓመት ልጅ ነገር!

እማዬ ቶሎ ተረታች። የእሷ ጭንቀት ፍልሰታ ብቻ ነበር። «ጾሙ ሳይገባ ትመለሻለሽ። አገሩ ሁሉ አይብ በአይብ ነው አሉ፤ ፍልሰታ እዚያ ከያዘሽ በረሃብ ታልቂያለሽ» አለችና የመመለሻዬን ቀን ራሷ ካርታው ጥግ ላይ ጻፈችው።

አባባ ግን ሌላ ናቸው። ዳውንታውን የአንድ መኪና ማቆሚያ ሕንፃ ኃላፊ ነበሩ፤ ዝግ ያሉ፣ ጨዋ ሰው። እምቢ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። እምቢ ማለት ሲፈልጉ የማይሞላ ቅድመ ሁኔታ ያመጣሉ። ያን ዕለትም መነጽራቸውን አድርገው ካርታዬን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ብትጠፊ በምን ቋንቋ ትጠይቂያለሽ?» አሉኝ።

«በእንግሊዝኛ።»

«እነሱ በጣሊያንኛ ሲመልሱልሽስ?»

ደብተሬን ማገላበጥ ጀመርኩ።

«ታደሰ አብሮሽ ይሂድ። እሱ ቋንቋውን ያውቃል። እሱ እሺ ካለ እኔም እሺ።»

በደስታ ዘለልኩ። ጋሽ ታዴ ጣሊያንኛ እንደሚችል በዘመድ አዝማዱ ዘንድ የታወቀ ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ፣ በአንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ጋራዥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። በየሠርጉና በየክርስትናው «ታዴ እኮ ጣሊያንኛን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው» ሲባል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኧረ ትንሽ ትንሽ ነው» ይላል፤ ደረቱ ግን ይነፋል። አሜሪካ መጥቶ ከባዶ ለጀመረ መካኒክ፣ ያቺ የሚኮራባት ነገሩ ነበረች።

በማግስቱ ከከተማችን ማዶ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ፣ ጋሽ ታዴ ዘንድ ወረድኩ። ከአንድ ጎማ ሻጭ ጀርባ ሁለት መኪና የምትይዝ ጋራዥ ተከራይቶ ነበር የሚሠራው። ጊዜው ጸደይ ነው፤ የዛፉ አበባ ብናኝ የቆመውን መኪና ሁሉ ቢጫ አልብሶታል። ከአንዲት ቫን ሥር እግሮቹ ብቻ ወጥተው አገኘሁትና ሁሉንም ለእግሮቹ ነገርኳቸው፤ ሮምን፣ ፍሎረንስን፣ ቬኒስን፣ የአባባንም ቃል። ቆይቶ ተንሸራቶ ወጣ፤ ፊቱ ግራሶ በግራሶ ነው።

«የሚሰማን ሰው አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም።»

«ጣሊያንኛ አልችልም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«መኪና ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የማውቀው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ... አንቺም እኮ ግማሹን ታውቂዋለሽ!»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰውየው ጋር በምን ነበር የምታወሩት?»

«በአማርኛ ነዋ! ሲኞር እኮ አማርኛ ከኔ ይበልጥ ነበር የሚችለው።»

እዚያው የጎማ ክምር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ደብተር ገደል ገባ። ጋሽ ታዴ ጨነቀው፤ እጁ ቆሻሻ ስለሆነ በክርኑ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ። «በቃ፣ በሞቴ፣ አታልቅሺ። እሺ ብሏል ብለሽ ንገሪያቸው። ማን ይፈትነኛል?»

አባባ ፈተኑት። እሺታውን ስነግራቸው ትንሽ ደንገጥ አሉና፣ «ጥሩ፤ እንግዲያው እሁድ ሲኞር ብሩኖን ምሳ እጠራለሁ። ሁለቱ ሲጫወቱ መስማት ደስ ይለኛል» አሉ። ሲኞር ብሩኖ የአባባ ደንበኛ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ልብስ ሰፊ ናቸው።

የቀሩን አምስት ቀናት ነበሩ። በየቀኑ ከክፍል ስወጣ ጋራዡ እየሄድኩ ከመጽሐፉ አስጠናሁት። ሞተር ምን እንደነካው በድምፁ ብቻ የሚያውቅ ሰው «ባቡር ጣቢያው የት ነው?» የምትለዋን አንዲት አረፍተ ነገር መያዝ አቃተው። ቬኒስ ላይ ስንደርስማ ጭራሽ አመፀ። ካርታውን አገላብጦ፣ «መኪና የለም ነው የምትዪኝ? አንድም? ሁሉ በጀልባ?» አለኝ። አዎ ስለው፣ «እንግዲያው እዚያ አፌን ዘግቼ ነው የምሰነብተው። ይቺን ከተማ ሰርዢያት» አለ። አልሰርዛትም ብዬ ተኳረፍን።

እሁድ ደረሰ። ገና የፋሲካው ሃምሳ ቀን አልወጣም ነበርና እማዬ ለእንግዳው ክብር ላዛኛ ሠራች፤ በርበሬ ያለበትን፣ የኛን ላዛኛ። ጋሽ ታዴ የሠርግ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። ገና ከበር ሲገባ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ለምሳ እንደተቀመጥን ሲኞር ብሩኖ ወደ እሱ ዞረው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ረጅም የጣሊያንኛ ሰላምታ አወረዱበት።

«ቦንጆርኖ» አለ ጋሽ ታዴ። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ያጠናነው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ሳሕኑን አየ፣ ጣራውን አየ፣ እኔን አየ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፈነና፣ «ፍሪሲዮኔ» አለ።

ሲኞር ብሩኖ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ካምቢዮ» አለ ጋሽ ታዴ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው ጠፋ። «ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ካርቡራቶሬ!»

አለቀልኝ አልኩ። ሽማግሌው ግን ወደ ፊት ጠጋ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «ካርቡራቶሬ?» አሉ። ኋላ እንደሰማሁት፣ ስንት ዓመት ሙሉ አልነሣም ያለች አሮጌ የጣሊያን መኪና ቤታቸው ቆማ ኖሯል፤ የጠየቁት መካኒክ ሁሉ ጣሏት ብሏቸዋል። ሲኞር ብሩኖ አልነሣ ያለውን ሞተር ድምፅ በአፋቸው አሰሙ፤ ኽኽኽኽ ኽኽ... ጋሽ ታዴ እንደ ሐኪም ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ። «ካንዴላ!» አለ። «ኖ!» አሉ ሲኞር። «ቦቢና!» «ኖ፣ ኖ!» «ፖምፓ!» «ሲ! ሲ! ላ ፖምፓ!» ብለው ጠረጴዛውን በቡጢ ሲሉት ላዛኛው ዘለለ። ሁለቱም ተነሥተው ቆሙ። በባዶ እጃቸው እየፈቱና እየገጠሙ፣ ምሳው ቀዘቀዘ።

እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ምንድን ነው የሚያወሩት?» አለችኝ።

«የሮማን ታሪክ።»

«ካምቢዮ የሚባል ንጉሥ ነበራቸው እንዴ?»

«አዎ፤ ከቄሳር ቀጥሎ የነገሠ።»

«ነፍስ ይማር» አለችና ሰላጣውን አቀረበች።

ሲኞር ብሩኖ ሊሰናበቱ ሲነሡ አባባ በእንግሊዝኛ፣ «የወንድሜ ጣሊያንኛ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌው ጋሽ ታዴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አፋቸውን በናፕኪን ጠረጉ። «አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚህ ሰው የተግባባኝ የለም» አሉ።

አባባ ካርታዬን አጣጥፈው ሰጡኝ። «ሂዱ» አሉ።

የመሄጃችን ቀን፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጋሽ ታዴ ሻንጣ ሲያስመዝን አባባ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ጣሊያንኛ እንደማይችል አውቃለሁ» አሉኝ።

«ማን ነገርዎት?» አልኩ።

«ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ? መኪና ማቆሚያ ውስጥ እኮ ነው የምሠራው።»

«ታዲያ ለምን አብሮሽ ይሂድ አሉኝ?»

«ይፈራል ብዬ ነዋ! እምቢ ልልሽ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ እሱ እምቢ እንዲልልኝ ነበር የፈለግኩት።» ዞር ብለው ወንድማቸውን አዩት፤ ከሻንጣው ጋር ይታገላል። «ያን ቀን ግን ሲያልበው አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ የኮራባትን ነገር፣ ላንቺ ሲል በሰው ፊት ሊዋረድባት መጣ። ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ላንቺ እንዲህ የሚያልበው ሰው አብሮሽ ካለ ግን፣ ብትጠፊም አትጠፊም።»

ይህን ብለው ወንድማቸውን ሊያግዙ ሄዱ።

ጠፋን እንጂ! ሮም በገባን በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ታዴ ባቡር ጣቢያ ብሎ ሲጠይቅ ጎማ ቤት ወሰዱን። ፍሎረንስ ላይ እኔ ጉልላት ሳይ እሱ መንገድ ዳር የቆሙ ሞተር ብስክሌቶች ሲያይ ዋለ። ቬኒስ ላይ እንደፎከረው ሁለት ቀን አፉን ዘጋ፤ በሦስተኛው ቀን የተሳፈርንበት ጀልባ ሞተሩ ሲያስለው ግን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ነጂው ዘንድ ሄደ፣ ወሬውም እስክንወርድ አላለቀም። እንዲያ የሳቅኩበት ክረምት የለኝም። ተመልሰን «ጣሊያንኛዬ ትንሽ ዝጎ ነበር፤ አሁን ተወለወለ» እያለ በየድግሱ ሲያወራ አንዳችንም አልተቃወምነውም።

ዛሬ እኔ የዚያን ጊዜውን የአባባን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ልጅ ከበር ስትወጣ ወላጅ ምን እንደሚሰማው አሁን ገብቶኛል። ያኔ አባባ በነገር የሚያጉላሉኝ ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ ፍርሃታቸውን የሚያሳርፍላቸው ሰው እየፈለጉ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሊያ እየከተፍኩ ነገርኳትና አብረን ሳቅን። ከዚያ፣ «ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?» አልኳት።

«ከናቲ ጋር» አለች፣ ስልኳን እያየች። ናቲ ጀርመንታውን የሚኖር ጓደኛዋ ነው፤ ስሙን ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል፣ መልኩን ግን አላየሁም።

ጣሊያንኛ ይችላል ወይ አላልኳትም።

«ላንቺ ብሎ አልቦት ያውቃል?» አልኳት።

«ማሚ! ዛትስ ሶ ግሮስ!» ብላ የሚያስጠላ ነገር እንደሸተታት ሰው ፊቷን አጨማደደች።

«እሁድ ምሳ ይምጣ» አልኳት።