በዜማ የተለካ ዘንግ

«ከባሕር ሆድ ገባሁ፣ ማዕበሉን ሳላይ፣
ህም… ህም ህም ህም…»

ሁለተኛው ስንኝ ከታረቀ አፍ ከጠፋ ብዙ ክረምት አለፈ። ደብረ ማርቆስ ዳር ባለችው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ፣ ዱቄቱ እንደ ጥቅምት ማለዳ ጉም ሲነሣ፣ የመጀመሪያዋን ስንኝ ያንጎራጉርና የቀረውን ህም እያለ ይጨርሰዋል። እህል የሚያስፈጩት ሴቶች ለምደውታል።

«ጋሽ ታረቀ፣ ዛሬም ዘፈንዎ ሳይፈጭ ቀረ?» ይሉታል።

«ግማሹ ደብረ ኤልያስ ነው ያለ፤ ሲመጣ አብሬ እፈጨዋለሁ» ይላቸዋል። ይሥቃሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል እንጂ እሱ እውነቱን ነው። ያቺ ሁለተኛ ስንኝ ከመጀመሪያውም የሱ አልነበረችም፤ የአምሳሉ ነበረች።

ታረቀና አምሳሉ የተዋወቁት ምጽዋ ላይ፣ ባሕር ኃይል ሲገቡ ነው። ሁለቱም የጎጃም ልጆች፣ ሁለቱም ከዓባይ የሚሰፋ ውኃ አይተው የማያውቁ። ለአንድ መድፍ ተመደቡና አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ተላኩ። አምሳሉ መነጽር ይዞ የመርከቢቱ ምሰሶ ጫፍ ላይ ተሰቀለ። ታረቀ ደግሞ ከውኃው ወለል በታች፣ መስኮት በሌለው የብረት ክፍል ውስጥ፣ ከስሌት ገበታ ፊት ቆመ።

ገበታው አሮጌ ነበር። ያስተማራቸው ሽማግሌ መኮንን የነገሩን ዘር ሲቆጥር ወደ አያቶቹ ዘመን፣ ተራራ ወደሚያካክሉት የጦር መርከቦች ይወስዳቸው ነበር። «መድፉ ዓይን ከሚለየው አልፎ መጣል ሲጀምር» ይል ነበር ሽማግሌው፣ «መርከቢቱ ዓይኗን ምሰሶ ላይ ሰቀለች፣ አእምሮዋን ሆዷ ውስጥ ደበቀች።» ከላይ ያለው ሰው የጠላትን ርቀትና አካሄድ አይቶ በድምፅ ቧንቧ ወደ ታች ይጮኻል። ከታች ያለው በሚተረተር ወረቀት ላይ እርሳስ ያስሄዳል፣ መዘውር ያዞራል፤ ሰዓት ሳይሆን ርቀት የሚቆጥር ሰዓት አጠገቡ ቲክ ቲክ ይላል። የኛም መርከብ ትሄዳለች፣ የጠላትም ትሄዳለች፣ ጥይቱም አየር ላይ ይቆያል። ስለዚህ የሚተኮሰው ጠላት ወዳለበት ሳይሆን ጥይቱ ሲያርፍ ወደሚገኝበት ነው።

«በቆመበት ብትተኩሱት» ይላል ሽማግሌው፣ «የምትገድሉት ውኃ ነው።»

ጠዋት ጠዋት ቧንቧው መሥራቱን የሚፈትኑት በዘፈን ነበር። ታረቀ የመጀመሪያዋን ስንኝ ወደ ላይ ይልካል፤ አምሳሉ ሁለተኛዋን ወደ ታች ይመልሳል። በልምምድ ቀንም፣ ጥይቱ ከአፈ ሙዝ ሲወጣ ታረቀ ያቺኑ ስንኙን ይጀምርና ስትጨረስ ከላይ የአምሳሉ ድምፅ ይወርዳል፤ «አጠረ!» ወይ «ረዘመ!» ወይ ደግሞ፣ ዕድል የቀናቸው ቀን፣ «መታ!»

እንዲህ ሆኖ ታረቀ የባሕር ዘመኑን ጨረሰ። አንድ ጥይት ሲያርፍ በዓይኑ አላየም። ነጭ የውኃ ዓምድ ይነሣል ሲሉት ይሰማል፤ በሕልሙ የሚነሣው ዓምድ ግን ሁልጊዜ የገብስ እርሻ መሀል ነው። አገሩ ሲመለስ ያፌዙበት ነበር።

«መድፈኛ ነበርኩ ትላለህ። ሲወድቅ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ባሕሩንስ?»

«እሱንም ብዙ አላየሁት።»

«እንግዲያ አንተ ባሕር ኃይል ሳትሆን ጓዳ ኃይል ነህ!»

ታረቀም አብሮ ይሥቃል። ብቻውን ሲሆን ግን አንዳች ነገር ልቡን ይበላዋል። ዕድሜውን ሙሉ ወርውሮ፣ የወረወረው የት እንደደረሰ ያልተነገረው ሰው ይመስለዋል።

ጥር ገብቶ የሰርግ ወራት ሲሞቅ ስልኩ ጮኸ። አምሳሉ ነው።

«ታረቀ፣ ምሰሶው ጨለመ። ና ውጣልኝ።»

የአምሳሉን ዓይን የዓይን ግፊት ቀስ በቀስ ከወሰደው ቆይቷል፤ ይህን ታረቀ ያውቃል። አዲሱ ነገር የልጁ የአንዷለም ሰርግ ነው። በአምሳሉ አባቶች ቤት አንድ ልማድ አለ፦ ሙሽራው ሙሽሪትን ሊያመጣ ከመውጣቱ በፊት ፈረሱን እያስጋለበ በአባቱ ፊት ያልፋል፤ አባት እንደ ጉግስ ዘንግ ይወረውራል፤ ልጅ በጋሻው ይመክታል። ጋሻው ሲጮህ ምርቃቱ ደረሰ ይባላል። የአምሳሉ አባት በአምሳሉ ጋሻ ላይ፣ አያቱም በአባቱ ጋሻ ላይ ወርውረዋል። አባት ካልቻለ አጎት ይወረውርለታል። አምሳሉ ግን ይህን መስማት አይፈልግም።

«ድፍን አገር የሙሽራው አባት ሞቷል ወይ እንዲል ነው?» አለው በስልክ። «በሕይወት ቆሜ ሌላ ሰው ልጄን ይመርቀው? ዓይን ብቻ አጣሁ። ክንዴ አለ።»

ታረቀ ወፍጮውን ዘግቶ ወደ ደብረ ኤልያስ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ።

በዋዜማው ሙሽራው ዳማውን ፈረስ ሲያለማምድ ታረቀ ከሜዳው ዳር ተቀምጦ ዋለ። ፈረሱ ብሳናው ዛፍ ሥር ሲደርስ ታረቀ ስንኙን ይጀምራል። አንዲት ነጭ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ስንኟ ታልቃለች። ደግሞ ይጀምራል፣ ደግሞ ታልቃለች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሣሩ ውኃ መሰለው፤ ነፋሱ ሲያልፍበት ይታጠፋል፣ ይነሣል፣ ይታጠፋል። ይኼ ነው እንግዴ ማዕበል የሚሉት፣ አለ በልቡ።

የሰርጉ ቀን ዳሱ ሞላ። የአምሳሉ ባለቤት የብርጓል ከቆመበት ድረስ ሰሐን ይዛ መጣች።

«ጋሽ ታረቀ፣ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ፈረስ ቆመው! አረፍ ብለው ይቅመሱ እንጂ።»

«ከዘንጉ በኋላ፣ እመቤት። በኛ መርከብ ተኩስ ሳያልቅ እህል አይቀመስም።»

«የት ያለች መርከብ? ይኼ ደብረ ኤልያስ ነው!» ብላ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች።

ሰዉ ከዳሱ ወጥቶ ሜዳው ዳር ተሰለፈ። የአምሳሉ ታናሽ ወንድም አማረ ቀረብ አለ።

«ወንድምጋሼ፣ እኔ ልወርውርልህ። ሰው ፊት ዘንጉ መሬት ከሚወድቅ…»

«ሂድ ጠላህን ጠጣ!»

ታረቀ ከአምሳሉ ኋላ ቆመ። ትከሻውን ይዞ ወደ ነጯ ድንጋይ አዞረው። ትከሻው እንዴት ቀሎ ኖሯል! ያ ምሰሶ ላይ እንደ ጭልፊት የሚቀመጠው ሰውዬ።

«ወዴት ነው ያዞርከኝ? ፈረሱ የሚሰማኝ በግራ ነው» አለ አምሳሉ።

«ፈረሱ አሁን ያለበትን ተወው። እኔ አዜማለሁ። ማዕበሉን ስል ልቀቀው።»

ከማዶ ፈረሱ ተነሣ። ብሳናው ሥር ሲደርስ ታረቀ በአምሳሉ ጆሮ ጀመረ፤ «ከባሕር ሆድ ገባሁ፣ ማዕበሉን…» የአምሳሉ ክንድ ተዘረጋ። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ነጯ ድንጋይ ጋ ደረሰ፣ ሣር ውስጥ ተተከለ። ፈረሱ ገና አልደረሰም ነበር።

«ውይ!» አለ ሰዉ ሁሉ። አማረ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«አጠረ ወይስ ረዘመ?» አለ አምሳሉ፤ ድምፁ ደርቋል።

ታረቀ ወደ ብሳናው፣ ከብሳናው ወደ ነጯ ድንጋይ ቃኘ። ስሌቱ የት ላይ ነው የተሳተው? ትናንት ቀኑን ሙሉ… ከዚያ የፈረሱን አፍ አየ። አረፋው በልጓሙ ዙሪያ ተሰብስቧል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ተስቧል።

«አላጠረም፣ አልረዘመም» አለ ቀስ ብሎ። «ዘንጉ ከልጁ ቀድሞ ደረሰ። ልጁ ልጓም ስቦ ይዟል።»

አምሳሉ ፊቱን ወደ ኮቴው ድምፅ አዞረ።

«አንዷለም! ልጓም ይዘሃል?»

ሙሽራው ከፈረሱ ወርዶ ቀረበ። «አባባ፣ እንዲቀልልዎት ብዬ ነው። ቀስ ብል የማይስቱኝ መስሎኝ።»

«አዘንክልኝ?»

ልጁ ጋሻውን ከክንድ ወደ ክንድ አዛወረ።

«የኔ ልጅ» አለ አምሳሉ፣ ቁጣው ሳያስበው ሟሙቶ፤ «የሚያዝን ዒላማ ማንም ሊመታ አይችልም። ይህ ሽማግሌ የሚያሰላው አካሄድህን አምኖ ነው። እኔ ዓይኔን ለሱ ሰጥቻለሁ። አንተ ደግሞ ሩጫህን ስጠን። ንዳው!»

«ልማዱ አንድ ዘንግ ነው» አለ አማረ በዝግታ።

የብርጓል ከሴቶቹ መሀል ወጣች። «ዘንጉ መች ሳተ? የሳተው ፈረሱ ነው! እንዲያውም ፈረሱን የመከረው ልጄ ነው። ይድገሙት!» ሰዉ ሣቀ፤ ሽማግሎቹም እያጉረመረሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁለተኛው ዘንግ እጁ ላይ ሲደርስ አምሳሉ እንደሚመርቅ ሰው ደባበሰው። ታረቀ ከማዶ ያለውን ልጅ አየ። የባሕሩ ገበታ አንድም ቀን ያልነገረው ነገር አሁን ገባው፤ ያ ሁሉ እርሳስ፣ ያ ሁሉ መዘውር የቆመው በአንድ ተስፋ ላይ ነበር፤ የሚሮጠው እንደጀመረ ይጨርሳል በሚል ተስፋ። ጠላት ያንን ተስፋ ቢያፈርስ ወጉ ነው። ልጅስ?

ዳማው ተነሣ። በዚህ ጊዜ እንደ ጎርፍ ነው የመጣው። ሣሩ ከሁለት ተከፈለ። ብሳናው።

«ከባሕር ሆድ ገባሁ፣ ማዕበሉን…»

ዘንጉ ወጣ። ታረቀ ከዘንጉ ጋር ሄደ፤ እንዲያ ነው የተሰማው። መስኮት ከሌለው ክፍል ተነሥቶ፣ በረዥሙ ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ፣ ብርሃን ላይ ብቅ ያለ ያህል። ሰማዩ ሰፊ ነው። ዘንጉ ቀጭን ነው። ከታች ልጁ ምንም ሳይቆጥብ፣ ጋሻውን ከፍ አድርጎ፣ ባዶ ወደነበረው ስፍራ ገሰገሰ፤

«…ሳላይ።»

ጓ!

ጋሻው ጮኸ። እልልታው ከዳሱ ጣሪያ በላይ ተነሣ፤ ፈረሱ አልቆመም፣ ሙሽራው ጋሻውን እያውለበለበ ሙሽሪቱን እየሩስን ሊያመጣ ወደ አገሯ መንገድ ተፈተለከ፣ ሚዜዎቹም ተከተሉት።

«መታ!» አለ ታረቀ። «አምሳሉ፣ አየሁት! ሲያርፍ አየሁት!» እንባው በዱቄት ለዓመታት በነጣው ሽፋሽፍቱ ላይ ወረደ።

«እኔም ሰማሁት» አለ አምሳሉ።

ዳሱ ውስጥ አምሳሉን መርተው አስቀመጡት። ታረቀ ግን ባሕር ላይ እንዳለ ሰው እየተወዛወዘ፣ ምሰሶ ተደግፎ ቆመ። አምሳሉ ፊቱን ቀና አደረገ፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከጨለማው ወደ ድምፁ። ከዚያ ዘፍኖት የማያውቀውን የታረቀን ስንኝ በጎርናና ድምፁ ላከ።

«ከባሕር ሆድ ገባሁ፣ ማዕበሉን ሳላይ…»

ታረቀ አፉን ከፈተ። ስንኙን ፈልጎ አላመጣውም፤ ራሱ መጣ።

«ዓይኔን ሰደድኩልህ፣ በቧንቧው ከላይ።»

«አይ ጓዳ ኃይል!» አለ አምሳሉ እየሣቀ። «ተራው ተገለበጠብን እኮ።»

«ተኩሱ አላለቀም ወይ ጋሽ ታረቀ?» የብርጓል የእጅ ውኃ ይዛ ቆማለች።

«አለቀ፣ እመቤት።»

ታጠበ። ከአምሳሉ ጎን ቁጭ አለ፤ ገበታው ቀረበ። የአምሳሉ እጅ እንጀራው ላይ ተንሳፈፈ።

«ወጡ የት ነው ያለ?»

«ትንሽ አጠረ። ወደ ቀኝ። አዎ፣ እዚያው።»

ከዚያ ታረቀም ቆረሰ፣ ጎረሰም።