ያጠጣሁት ውሃ

ታሞ የተኛው ባለቤቴ ሊቆርብ በነበረበት እሑድ ጠዋት ውሃ አጠጣሁት። ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ በአፉ የዞረ ነገር አልነበረም፤ ሥጋ ወደሙን የሚቀበል ሰው ውሃም አይቀምስም። "ከንፈሬ ተጣበቀ" አለኝ። አንጀቴ አልቻለም፤ ግማሽ ብርጭቆ ሰጠሁት። ሲውጥ ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ወዲያው ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ልደታ ማርያም ከቤታችን ሩቅ አይደለችም። "ጋሼ፣ ዛሬ እንደ ንጉሥ በሸክም ነው!" ብሎ አንዱ ቀለደ።

በሩ ላይ ቆምኩባቸው። "ዛሬ አልቻለም፤ ለሌላ ጊዜ ይሁን" አልኩ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። ማክሰኞ ዕለት ሳይቆርብ አረፈ።

ሰፈሩ ሊፈርስ ስለነበር ከሐዘኑ በኋላ ጎረቤቶቼ ተራ በተራ ለቀው ወጡ። የእኔ ቤት በፍርስራሽ መሐል ብቻውን ቀረ። ድምፁን መስማት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ፣ ከአልጋው በኩል አንድ ጉንጭ ውሃ ሲዋጥ። ብርጭቆውን ሞልቼ ራስጌው አስቀመጥኩ። በማግስቱ ጎድሎ አገኘሁት። አይጥ ይሆናል አልኩ። ከደንኩት። እንደ ተከደነ ጎደለ።

ቤተ ክርስቲያን መግባት ተውኩ። አጥሩን ከውጭ ተሳልሜ እመለስ ነበር። ይህንን ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው ብዬ አምን ነበር።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ፍርስራሹን እየተሻገሩ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ሊሞት ያለ ሰው ውሃ ቀመሰ ተብሎ አይከለከልም" አሉኝ። "ምነው ያኔ ብትነግሪኝ፣ ልጄ?"

"ፈራሁ፣ አባቴ።"

"ማንን?"

"እግዚአብሔርን።"

ብርጭቆውን አተኩረው አዩት። "ልጅ የሚወደውን አባቱን የሚፈራው እንዳያሳዝነው ነው። ቢያጠፋም እያለቀሰ ወደ እሱው ይሮጣል። አንቺ ግን ተደበቅሽ። ሰውየውንም ይዘሽ ተደበቅሽ።"

ብዙ ሳምንት ተቀየምኳቸው። ከዚያ ቀኖናዬን ተቀብዬ ፈጸምኩ።

ልቆርብ በተነሣሁበት ጠዋት የእኔም አፍ ደርቆ ነበር። ነጠላዬን ሳጣፋ ከአልጋው በኩል ያ ድምፅ ተሰማ። ዞሬ አላየሁም፤ አልሮጥኩምም። "በል፣ አብረን እንሂድ" አልኩትና ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ደረስኩ። እንደ ወትሮዬ አጥሩን ተሳለምኩ፤ ከዚያ እየተንቀጠቀጥኩ ገባሁ።