የአርባ ሁለቱ ፍራሾች ጠባቂ

ሜሬዋሌሲ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት ባላቸው ወርቅ ማውጫ እሠራለሁ ብሎ ወደ ትልቁ ደሴት ተሻግሮ እዚያው ሌላ ሴት ባገባ በዓመቱ ነው። መጀመሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ጎደሬ ይልጡ ነበር። በኋላ የልጃገረዶቹ ማደሪያ ሞግዚት ሲሞቱ ቦታውን ለእሳቸው ሰጧቸውና ከማደሪያው ጫፍ፣ ከእኛ በመጋረጃ ብቻ በምትለይ ጠባብ ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት ኖሩ። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። እኛ ሁላችንም ‹‹ቡቡ›› እንላቸዋለን፤ አያቴ ማለታችን ነው። ደግ ነበሩ ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። ደግነታቸውንም ሌላውንም እንደነበረ እናገራለሁ።

ፍራሾቹ የመጡት አውሎ ነፋሱ የማደሪያውን ጣሪያ ገፎ ከወሰደ በኋላ ነው። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን አዝኖልን ለልጃገረዶቹ አርባ ሁለት ሰማያዊ ፍራሽ፣ ለቡቡም አንድ ላከልን። ውሃ አያስገቡም ተባለ። እውነትም ነው፤ ውሃ ጠብ ቢያደርጉባቸው ጎደሬ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጠብታ ተንከባሎ ይወርዳል። ሰዉ ሁሉ ከእንግዲህ ፍራሽ ማጠብ ቀረ ብሎ ተደሰተ። ቡቡ ግን በሦስተኛው ወር አንዱን ገልበጥ ቢያደርጉት ሆዱ ጠቁሮ አገኙት። ውሃ የማያስገባ ነገር ላብም አያስወጣም። በደሴታችን በታቬዩኒ ወበቅ ደግሞ ሰው ሳይንቀሳቀስ ተኝቶም ያልበዋል፤ ያ ሁሉ እርጥበት በፍራሹና በአልጋው ኮምፔልሳቶ መካከል ታፍኖ ይሻግታል።

የሚያስተምራቸው ሰው አልነበረም። ያንን ፍራሽ በበረኪና ፈተጉት። ሻጋታው ለቀቀ፤ ልባሱ ግን በሳምንቱ እንደ ማር ጣት ላይ ይጣበቅ ጀመር፣ በወሩ ተሰነጣጠቀ፣ ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ውሃ ሁሉ የሚጠጣ ሆነ። ለማንም ሳይናገሩ ወደ ክፍላቸው ወሰዱት፤ ደህናውን የራሳቸውን አውጥተው በቦታው ተኩ። እስከ መጨረሻው የተኙት እዚያ በተበላሸው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድም አላበላሹም። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ሳሙናው እንዳይቀር በንጹሕ ውሃ እንደገና ይጠርጋሉ፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ። በዚፑ በኩል ውሃ እንዳይገባ ዚፑን ሁልጊዜ ወደ ታች ያዞራሉ። ፀሐይ ላይ አያሰጡም፤ ፀሐይ ልባሱን ያደርቀዋል። በረንዳው ጥላ ውስጥ በጎናቸው አቁመው ንፋስ በሁለቱም ፊት እንዲመታቸው ያደርጋሉ። የዚያን ጊዜውን ርዕሰ መምህር፣ ደህና ሽማግሌ ነበሩ፣ ለምነዋቸው የአልጋዎቹን ኮምፔልሳቶ አስነሥተው በምትኩ እየተራራቀ የተመታ ጣውላ አስደረጉ። ፍራሾቹም ከታች መተንፈስ ጀመሩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አርባ ሁለቱም ይወጣሉ። ተሸካሚዎቹ እኛ ነን፤ እናማርራለን። አንድ ቀን ከመካከላችን አፈኛዋ ልጅ፣ ‹‹ቡቡ፣ ይኼ ፍራሽ ነው ሬሳ? በየሳምንቱ ተሸክመን የምንወጣው›› አለቻቸው።

‹‹ሬሳማ ቢሆን አንዴ ተሸክመሽ ታርፊ ነበር›› አሏት። ‹‹በይ እግሩን ያዢ።››

ምክንያታቸው ሻጋታው ብቻ አልነበረም። ማደሪያው ውስጥ አልጋ ላይ የምንሸና ሦስት ልጆች ነበርን። አንዷ እኔ ነኝ፤ ኬሌራ እባላለሁ፣ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሁለተኛዋ የአገሩ ባላባት የእህት ልጅ ናት። ሦስተኛዋ ሴኒሚሊ ነበረች፤ ከማዶ ከንጋሜያ ደሴት የመጣች የጀልባ ነጂ ልጅ፣ ስትስቅ አፏን በሁለት እጇ የምትሸፍን። ጠዋት ሁሉም ለጸሎት ሲወጣ ቡቡ ባልዲያቸውን ይዘው ይገባሉ፤ የሦስታችንን ብቻ ሳይሆን የአርባ ሁለታችንንም ፍራሽ በተራ ይጠርጋሉ። ስንመለስ ሁሉም አልጋ እኩል ረጥቦ እኩል ሳሙና ይሸታል። ማንም የማንን አያውቅም። እኔ እንኳ ስለ ሌሎቹ ሁለት ያወቅሁት በስንት ጊዜዬ፣ አንድ ጠዋት ሦስታችንም ወደ ኋላ ስንቀር ተያይተን ነው። እርስ በርሳችን ግን ተነጋግረንበት አናውቅም።

ሽማግሌው ርዕሰ መምህር ጡረታ ወጡና ከዋና ከተማው ከሱቫ አዲስ መጣች። ቲቲሊያ ትባላለች፤ ማዳም ነው የምንላት። በዕድሜ ለቡቡ ልጅ ትሆናለች። ሰነፍ አልነበረችም፤ የቤተ መጻሕፍቱን ጣሪያ ያስጠገነች እሷ ናት። በመጣች በሁለተኛው ቅዳሜ አርባ ሁለት ልጅ ፍራሽ ተሸክማ ስትወጣ አየችና የጥናት ሰዓት እንዲህ የሚባክንበት ትምህርት ቤት አይቼ አላውቅም አለች። ቡቡ ስለ ላቡና ስለ ሻጋታው አስረዷት። ውሃ የማያስገባ ፍራሽ ምኑ ይታጠባል ብላ ሳቀች። ቀጥላም ፍራሾቹን የላኩት ሰዎች በነሐሴ ሊጎበኙን ስለሚመጡ እስከዚያ አዲስ እንደመሰሉ እንዲቆዩ እያንዳንዱ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ ጫፉ በፕላስተር እንዲታሸግ አዘዘች። የጠዋቱም መጥረግ ቀረ፤ ለላስቲክ ምን መጥረግ ያስፈልገዋል ተብሎ።

ቡቡ የዚያን ዕለት ሲያሽጉ አየኋቸው። ጥርሳቸውን ነክሰው ፕላስተሩን ይቀድዳሉ፣ ይለጥፋሉ።

በላስቲክ ላይ መተኛት ምን እንደሆነ ያልተኛበት አያውቀውም። ገላ ይጣበቃል፤ በተገላበጡ ቁጥር ይንጫጫል። ላቡ በፕላስተሩ ስንጥቅ እየሾለከ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። የእኛ የሦስታችንም ገባ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ማደሪያው ሁሉ እንደ ዋሻ ሸተተ። ቡቡ ሁለት ጊዜ ማዳም ዘንድ ሄደው እንፍታው ብለው ለመኑ፤ ሁለቱንም ጊዜ እንግዶቹ ይምጡና እናያለን ተባሉ።

እንግዶቹ መጡ። የአበባ ጉንጉን አጠለቅንላቸው፣ ዘመርንላቸው። ማደሪያው በር ላይ ሲደርሱ አንዲት አሮጊት እንግዳ መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸው ላይ ያዙና ከደጅ ሆነው ‹‹ደስ ይላል›› ብለው ተመለሱ። ማዳም ፊቷ ደም መሰለ።

ጀልባቸው እንደሄደ ከማደሪያው ፊት ሣሩ ላይ አሰለፈችንና ቡቡን ከፊታችን አቆመቻቸው።

‹‹ይኼ ሽታ ከየት ነው የመጣው?››

‹‹ከላስቲኩ ነው፣ ማዳም። ሁሉም ታፍነዋል። ፈተን እናናፍሳቸው።››

‹‹ጥፋቱ የእኔ ነው እያልሽኝ ነዋ።››

ማንም ሰው ቡቡን ‹‹አንቺ›› ሲላቸው ሰምተን አናውቅም ነበር።

‹‹ጡረታሽ ስምንት ወር ነው የቀረው አይደል? ሥራሽን ካልቻልሽው ከዛሬ ጀምሮ ቤትሽ መቀመጥ ትችያለሽ። አሁን የምጠይቅሽን መልሺ። አልጋ ላይ የምትሸና ልጅ አለች የለችም?››

‹‹አለች›› አሉ ቡቡ።

‹‹ማን ናት?››

ቡቡ ሰልፉን ከዳር አንሥተው አዩ። ዓይናቸው የባላባቱን የእህት ልጅ አልፎ እኔ ላይ ደረሰና ቆመ። አባቴ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፤ የሞግዚት ቅጥርና ስንብት በሚወስነው ጉባኤ ላይ ይቀመጣል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ዓይናቸው ከእኔ ላይ ተነሣና አለፈ።

‹‹ሴኒሚሊ›› አሉ።

ለቁርስ እንደሚጠሩን ነበር ያሏት። ሴኒሚሊም የተጠራች መስሏት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

ፍራሿን ብቻዋን ተሸክማ በሜዳው አቋርጣ ቧንቧው ጋ እንድትወስድ ተፈረደባት። ላስቲኩን ቀድዳ በበረኪና አጥባ ጠራራ ፀሐይ ላይ እንድታሰጣው ታዘዘ። በረኪናውን ከዕቃ ግምጃ ቤት ያመጡት ቡቡ ራሳቸው ናቸው። ፈሳሹ ልባሱን ሲነካ ምን እንደሚያደርገው በዚያ ደሴት ላይ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አቀበሏትና ወደ ክፍላቸው ገቡ። እኔ ከሰልፉ አልወጣሁም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ሳልተኛ አደርኩ፤ በጸጸት ብል ደስ ባለኝ፤ እንዳልሸና ፈርቼ ነው።

ልጆች ጨካኞች ናቸው። ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ዝናብ ደግሞ እኛ ጋ የማይጥልበት ቀን የለም፣ አንዷ ትነሣና ‹‹ንጋሜያም ዛሬ ዘንቦ ይሆን?›› ትላለች። ማደሪያው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ሴኒሚሊ በሦስተኛው ሳምንት መብላት ተወች፤ አባቷ ተላከበት።

ሳጥኗን ወደ ወደቡ ያወረድነው እኔና ቡቡ ነን። ቡቡ የተቀቀለ ጎደሬና የቆርቆሮ ዓሣ በቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። አባትየው ጀልባው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ባዶ እግሩን የሆነ፣ ዓይን አፋር ሰው። ቡቡን ሲያይ ወርዶ ዝቅ ብሎ ስንቁን በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

‹‹ምን እንደደረሰባት አትነግረኝም›› አለ። ‹‹ስለ እርስዎ ግን በየእረፍቱ ታወራልኛለች። እናት ሆነዋታል። ልጄን ስለጠበቁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።››

ሴኒሚሊ ከጎኑ ቆማ ባሕሩን ታያለች። ቡቡ አፋቸውን ከፈቱ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

‹‹አሜን›› አሉ።

ጀልባው ሄደ።

ላስቲኮቹ የተፈቱት በጥቅምት ነው። አርባ ሁለቱም ከሆዳቸው እስከ ጀርባቸው ጠቁረው፣ ስፖንጁ በስብሶ ተገኘ። ማዳም ከእግር ኳስ ሜዳው ጀርባ ክምር አድርጋ አስቃጠለቻቸው፤ ጥቁር ጭሱ ቀኑን ሙሉ ኮኮናቱ ላይ ተኝቶ ዋለ። ምንጣፍ ከየቤታችን አስመጥተን ወለል ላይ ተኛን። ለማዳም ደግሞ በዓመቱ የበለጠ ትልቅ ትምህርት ቤት ተሰጣት።

ቡቡ ጡረታቸውን አገኙ። የመሸኛው ቀን ንግግር ያደረገው አባቴ ነው። ‹‹የሴት ልጆቻችንን ክብር የጠበቁ›› ሲል ሰማሁት። እሳቸው ምስጋና ሲቀበሉ እንደሚደረገው እንደ አገራችን ወግ አንገታቸውን ደፍተው አጨበጨቡ። ከዚያ ከወንድማቸው ቤት ገቡ፤ የወንድማቸው ሚስት በጓዳ በኩል ያለችውን ክፍል ሰጠቻቸው፤ እዚያም የሌላ ሰው የልጅ ልጆች ያሳድጉ ጀመር።

እኔ አስተማሪ ሆኜ ወደ ደሴቱ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ እጃቸው ግን ያው የሳሙና እጅ ነው፣ የተላላጠ። አጠገባቸው አስቀመጡኝና ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ባለፈው ዓመት ወደ ንጋሜያ ተሻግረው ነበር። በአገራችን ወግ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው መጠጥ የሚጠመቅበት የያንጎና ሥር እስር ይዞ ነው የሚሄደው፤ ያንን ይዘው ከሴኒሚሊ ደጃፍ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሴኒሚሊ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። እስሩን ተቀበለቻቸው፣ የሚባለውን ቃል አንድም ሳታጎድል አለች፣ ሻይ ቀዳችላቸው፣ ካሳቫ አቀረበችላቸው። እየበሉ ሳለ አባቷ የት እንዳለ ጠየቋት።

‹‹ሞቷል›› አለቻቸው። ‹‹እስኪሞት ድረስ በጸሎቱ ስምዎን ይጠራ ነበር። አልነገርኩትም። ምን ብዬ እነግረዋለሁ?››

ቡቡ የያዙትን ካሳቫ መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩ።

ሲነሡ እስከ ጀልባው ሸኘቻቸው፤ እጃቸውንም ይዛ አሳፈረቻቸው። ከዚያ በለዘበ ድምፅ፣ ‹‹ይቅርታውን ተቀብያለሁ፣ እውነቴን ነው›› አለቻቸው። ‹‹ግን ሁለተኛ እንዳይመጡ። ልጆቼ እንዲወዱዎት አልፈልግም።››

ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ አውቶቡሱ መጣ። ዘንቢላቸውን አንሥቼ ስሰጣቸው ክንዴን ያዙኝና፣ ‹‹አንቺስ? ከሦስቱ አንዷ አንቺም እንደነበርሽ ታውቃለች። ሄደሽ አናግረሻታል?›› አሉኝ።

‹‹እሄዳለሁ፣ ቡቡ›› አልኳቸው።

ጀልባው ከዚህ ንጋሜያ የሚወስደው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቡቡ ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። እኔ አልሄድኩም።