ከመርሳ ደሴ በአራት ወንበር

ሚስባህን የማያውቅ የመርሳ ሰው ካለ ወይ ሕፃን ነው ወይ ትናንት የመጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመርሳና በደሴ መካከል ሚኒባስ ነድቷል። እኔ አጥር የምንጋራ ጎረቤቱ ነኝ። አስካለ እባላለሁ፣ መንገዱ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሰው ማመስገን ብዙም አይሆንልኝም፣ ምላስሽ ስለት ነው ይሉኛል። የዚህን ሰው ነገር ግን ሳልናገር ብቀር እግዜርም አይወድልኝ።

ሚስባህ አንድ ሕግ ነበረው። ሼህ ኡበይደላ ደጅ ቆሞ ዱዓ ሳያስደርግ ከመርሳ አይወጣም። ሼሁ ከሚስባህ ግቢ በወዲያኛው በኩል የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ተሳፋሪው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አሚን ይላል። ዱዓ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ያ ጉዞ አይታጠፍም። አንዲት ሴትዮ ከከተማው ሳይወጡ ጀሪካኔን ረሳሁ ብላ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ አልመለስም ብሎ ደሴ ድረስ ወስዷታል። ሴትዮዋ እኔ ነበርኩ። እስካሁንም ይቅር አላልኩትም።

በነሐሴ 2013 ሚስቱ ዓቢዳ፣ እህቷ ወልዳ ስለነበር ልትረዳት ደሴ ሄደች። የሄደችው ለአንድ ሳምንት ነበር። ሳምንቱ ሳይሞላ ጦርነቱ መርሳ ገባ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ዝም አለ። ሚኒባሷን የታጠቁ ሰዎች መጥተው ነድተዋት ሄዱ። ከእሷ የቀሩት አራት ወንበሮች ብቻ ናቸው፤ ሽፋናቸውን ላሳድስ ብሎ አውጥቷቸው ነበርና። ሚስባህ ከስድስት ዓመቷ ከለይላና ሦስት ካልሞላው ከሙስዐብ ጋር ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ልጆቹ ደጅ መውጣት አይችሉም፤ ጠዋት ማታ እማ መቼ ነው የምትመጣው ይሉታል።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሰውየው አራቱን ወንበሮች ሳሎኑ ውስጥ ደርድሮ፣ ሰፌድ እንደ መሪ ጨብጦ አየሁት። ሙስዐብ ጡሩንባ ሆኗል። ለይላ ረዳት ሆና በር ላይ ቆማ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ትላለች። ወዴት ነው ብላቸው ደሴ አሉኝ። ሰው ዘመዱን እየቀበረ ይሄ ጎልማሳ ዕቃ ዕቃ ይጫወታል ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። ክፉ ነገርም ተናገርኩት መሰለኝ። እሱ ግን እየሳቀ፣ የኋላው ወንበር ባዶ ነው፣ ግቢ አለኝ።

ሚስባህ የፈለገው ያቺን ጠዋት ማሳለፍ ብቻ ነበር። ስህተቱ ለይላን ልብ አለማለቱ ነው። የሹፌር ልጅ ናት፤ ዱዓ የሌለው ጉዞ አታውቅም። ሳያያት በአጥሩ ሥር ሾልካ ሼህ ኡበይደላ ዘንድ ሄደችና ወደ እማ ልንሄድ ነው አለቻቸው። ሼሁ በምን መኪና ብለው አልጠየቁም። እጃቸውን ዘረጉ፦

"አላህ በሰላም ያድርሳችሁ። ከዓቢዳ ጋር በዓፊያ፣ በጤና ያገናኛችሁ።"

ልጅቷ አሚን ብላ እየሮጠች ተመለሰች። ዱዓ ተደርጓል፣ ንዳ አለችው። ሚስባህ ሰፌዱን እንደያዘ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ከእንግዲህ ይህ ጉዞ አይታጠፍም፤ የተሄደ እንደሆነ ደግሞ መድረስ አለ፤ ደሴ ከተደረሰ ዓቢዳ እዚያ መኖር አለባት።

እንግዲህ ያለው ብልሃት አንድ ነው፤ ቀስ ብሎ መንዳት። ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር ሱቄ ይገባና የነገውን መንገድ እናሰላለን። ዕቅዱ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ እኔም አላውቅም፤ ሱቁ ባዶ ነው፣ ሥራ ፈትቻለሁ። መጀመሪያ ለምንደርስባት ከተማ ለውርጌሳ የሳሙና ካርቶኖች ሰጠሁት፤ ጉልት ሆኑና ለይላ ድንጋዮቹን ብርቱካን ናቸው እያለች ሸጠችልኝ። እኔም ተከራከርኳት፣ አልቀነሰችልኝም። ወደ ውጫሌ ስንወጣ ከወንበሮቹ የፊት እግር ሥር ጡብ አስገባና ሁላችንም ወደ ኋላ ተንጋለልን። ዳገት ነው አለ። ሙስዐብ ተንከባሎ እቅፌ ውስጥ ወደቀ፣ ከሳቁ የተነሳ ትንታ ያዘው። መንገዱን ሲነግራቸው እያንዳንዱን ኩርባ በስሙ ይጠራል፤ እዚህ ጋ ዋርካ አለ፣ እዚህ ጋ በግ መንገድ ያቋርጣል፣ ክላክስ አድርግ ይላል፤ ልጁም ያደርጋል።

ከሩቅ ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ሚስባህ ፍሬን ይይዛል። መንገድ ሠሪዎች ድንጋይ እያፈነዱ ነው፣ እስኪጨርሱ እንቁም ይላቸዋል። ለይላ ወንድሟን በሁለት እጇ ይዛ ትቀመጣለች። ያመነችው አይመስለኝም፤ ግን ለአባቷ ስትል፣ ተሳፋሪ እንዳትወርዱ ትለናለች።

አንድ ቀን ጎማ ይተነፍሳል። ሌላ ቀን ሙሽራ ያጀበ ሰው መንገድ ይዘጋል፣ እኛም ወርደን እናጨበጭባለን። አንዴ ጎርፍ ድልድይ ወስዶ ዘጠኝ ቀን ቆመናል። ያን መንገድ በእግሩ የሄደ ሰው ስንት ጊዜ በተመላለሰበት! ቢሆንም እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ክፉ ጊዜ ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳኝ ያ የኋላ ወንበር ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ሐይቅ ከተማ ገባን። ሰማያዊው ሳፋዬ ውኃ ተሞልቶ የሐይቁ ውኃ ሆነና መሐል ተቀመጠ። የሎሚ ቅጠል ዓሣ ሆነ፤ የሽንኩርት ከረጢቴ መረብ ሆነ። ልጆቹ ሲያጠምዱ ውለው እስከ ክንዳቸው ረጠቡ። ከዚያ በኋላ ግን መኪናው አልነቃነቅ አለ። ሐይቅ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየን። የሚቀጥለው ደሴ ነዋ። ለይላ መናደድ ጀመረች፤ አንድ ቀን ጠጋ ብላ፣ አባ ደሴን ፈርቶታል አለችኝ።

ይህንኑ ነገርኩት። ሚስባህ ባዶው መደርደሪያዬ ላይ ተደግፎ፣

"እትዬ አስካለ፣ ደሴም ላይ ውጊያ ነበረ ይላሉ። ደርሰን ብታጣትስ? ያኔ ለልጄ ዱዓውንም ውሸት አደረግሁባት ማለት ነው" አለኝ።

ጨርቅ አንስቼ ባዶውን ሚዛኔን መወልወል ጀመርኩ። ምላሴ ስለት ነው የሚሉኝ ያን ቀን ባዩኝ።

በታኅሣሥ ተኩሱ ከእኛ አልፎ ሄደ። መንገዱ ተከፈተ ተባለ፤ መኪና ግን ገና ብርቅ ነው። ሚስባህ በማግስቱ በእግሩም ቢሆን ሊሄድና ሊፈልጋት ወሰነ፤ ልጆቹን እኔ ልይዝለት ተስማማን። ለልጆቹ አልነገራቸውም። ለመጨረሻ ጊዜ ዓሣ እናጥምድ ብሎ ወንበሮቹ ላይ ሰበሰበን።

ቀትር ላይ የግቢው በር ተከፈተና ዓቢዳ ገባች። እስከ ውርጌሳ በጭነት መኪና መጥታ፣ ከዚያ ወዲህ በእግሯ ነው የመጣችው። ከስታለች፣ ጫማዋ ተበጥሶ በገመድ ታስሯል። ከሳሎኑ ደፍ ላይ ቆማ ወንበሮቹን፣ ሳፋውን፣ ባሏን አየች። ሚስባህ ሰፌዱን እንደጨበጠ ቀረ። ሙስዐብ እናቱን ስላላወቃት ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀ። ለይላ ብድግ አለች፤ ትሮጣለች ብዬ ስጠብቅ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘረጋች።

"እማ፣ ቆዪ እንዳትገቢ። እኛ ገና ሐይቅ ነን። ደሴ ሂጂና እዚያ ጠብቂን።"

ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ በቆመችበት ልትወድቅ ነው፣ ይህች ልጅ ታዛታለች። ልቆጣት አፌን ስከፍት ዓቢዳ ባሏን አየችው። እሱ በአገጩ ወደ ግቢው በር አመለከታት። ምን ገብቷት እንደሆነ እንጃ፤ ጥቅልሏን መሬት አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ግቢውን መልሳ አቋርጣ በሩ ላይ ቆመች።

"አባ፣ ንዳ" አለችው ለይላ።

ሰፌዱን አዞረ። ድምፁ ግን አልወጣም፤ እንባው በጢሙ ይወርዳል። ስለዚህ መንገዱን እሷ ነዳችው። ሳፋውን በግራ ትተን ወጣን፣ ዳገቱን ጨረስን፣ ደሴ መግቢያ ላይ ያለችውን ጢጣን አለፍን፤ እያንዳንዱን ኩርባ አባቷ እንዳስተማራት በስሙ ጠራችው። አንዱንም አልዘለለችም። ሙስዐብም ከቀሚሴ ወጥቶ ጡሩንባውን ነፋ።

"ደሴ፣ መጨረሻ ነው። ወራጅ!" አለችና በሩን በእጇ ከፈተችው። ረዳትነቷ ያበቃው እዚያ ላይ ነው። እየጮኸች ግቢውን አቋርጣ እናቷ ላይ ወደቀች፤ ሚስባህም ልጁን አቅፎ ተከተላት።

እኔ ከኋላ ወንበር መጨረሻ ወረድኩ። ጫጫታውን የሰሙት ሼህ ኡበይደላ በወዲያኛው አጥር ብቅ ብለው ነበር።

"አስካለ፣ ደረሱ?" አሉኝ።

"ደረሱ" አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ።