ደጃፍ ላይ የጨረስነው ቃለ መጠይቅ

ይህ የገጠመኝ ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ደባርቅ ላይ ነው። ዛሬም ሰው «ይህን ጥያቄ ተዪው» ባለኝ ቁጥር ያ ቅዳሜ ትዝ ይለኛል።

ሥራዬ መምህርነት ነው። ያኔ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአንድ አነስተኛ የሬዲዮ ጣቢያ ደራሲዎችን፣ ሠዓሊዎችንና ለሰው መብት የሚሟገቱ ሰዎችን እየጋበዝኩ አነጋግር ነበር።

የዚያን ቀን እንግዳዬ ደብሪቱ ነበረች። ዳባት ላይ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና ቴአትር የምታዘጋጅ፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የመጨረሻው ቴአትሯ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች መሬታቸውን በሹም ዘመዶች ሲነጠቁ ያሳያል። የከተማው ስም አልተጠራም። ሰው ግን እያለቀሰ ነበር ያየው። ብዙም ሳይቆይ ታገደ።

ወደ ስቱዲዮ ከመግባታችን በፊት የጣቢያው ኃላፊ አቶ መላኩ ለብቻዬ ጠራኝ።

«ስለ ግጥም አውሩ፣ ስለ ባህል አውሩ። ያንን ቴአትር ግን እንዳታነሺብኝ። ከላይ ተደውሎልኛል» አለኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ወረቀቶቼን ሰብስቤ ወደ ስቱዲዮ ገባሁ። እሺ ያልኩት መሰለው።

ስለ ልጅነቷ፣ መጻፍ እንዴት እንደጀመረች ጠየቅኳት። ደህና እየሄደልን ነበር። ነገር ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሳያት አፈርኩ። ይህችን ሴት ከዳባት ድረስ አስመጥቼ ዋናውን ነገር ልደብቅ ነው? ዘፈን አስገባንና እንዳለቀ ማይኩን ከፍቼ፣ «ቴአትርሽ ለምን ታገደ?» አልኳት።

አቶ መላኩ ከመስታወቱ ማዶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ደብሪቱ ቀና አለች። «እውነት ስለሆነ ነዋ! ውሸት ቢሆንማ ስቀው ያልፉት ነበር። መሬታቸውን የተቀሙት እናቶች እኮ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው...»

ድምፁ ተቋረጠ። መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና ስል አምፖሉ በርቷል። አቶ መላኩ ማሰራጫውን ራሱ አጥፍቶታል።

«ስለ ልጆቼ ብለሽ፣ እህቴ» አለኝ። «ውጪልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ፕሮግራም የለሽም።»

ደብሪቱን ይዤ ወጣሁ። ጉሙ ገና አልገፈፈም። በሩ ላይ ስንደርስ ሰዎች ቆመዋል፤ በየሱቁ ሲያዳምጡ የነበሩ ናቸው። አንድ የሚኒባስ ሾፌር መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ «ምነው አቋረጣችሁት? እኔ እኮ ተሳፋሪ ይዤ ነው የማዳምጠው» አለ። ጋቢ የለበሱ አንዲት እናት ደግሞ ወደ ደብሪቱ ጠጋ ብለው፣ «እናቶቹ ከፊት ተቀምጠው ምን አሉ? ጨርሺልን እንጂ፣ ልጄ» አሏት።

ደብሪቱ አየችኝ፣ አየኋት። የጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጥንና ጥያቄዬን ደግሜ ጠየቅኳት። እሷም ለሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች። መሬቷን ከተቀሙት አንዷ ቴአትሩ ሳያልቅ ከወንበሯ ተነሥታ፣ «የኔን ቦታ የወሰደው ይኸው እዚህ ተቀምጧል!» ብላ ሰውዬውን በጣቷ ማሳየቷን ስትነግረን፣ ደጃፉ በእልልታና በጭብጨባ የሠርግ ቤት መሰለ።

ፖሊስ መጣ። «ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው፤ ተበተኑ!»

«ስብሰባ አይደለም፣ ጌታዬ» አለችው ደብሪቱ። «ቃለ መጠይቅ ነው። ሬዲዮው ስለተበላሸ በአፋችን እያስተላለፍን ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፖሊሱም ሳቁ ቢያመልጠው ፊቱን አዞረ። ሁለታችንንም ግን ይዞን ሄደ።

እኔን መክረውና ገሥጸው ከሰዓት በኋላ ለቀቁኝ። እሷን አሳደሯት። በማግሥቱ እነዚያ የዳባት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቁጭ አሉ። «የተናገረችው የኛን ነው፤ እሷ ከታሰረች እኛንም እሰሩን» አሉ። ውሎ አድሮ ፖሊሶቹ ሲጨንቃቸው ፈቷት።

መሬቱ ሁሉ ተመለሰ ብል እዋሻለሁ። ጣቷን ለቀሰረችው ሴት ብቻ ነው የተመለሰላት። ደብሪቱ ግን ቴአትሩን በየአውድማው ማሳየቷን ቀጠለች፤ ማን ያስቁማት!

እኔ ወደ ሬዲዮው አልተመለስኩም። አንዳንድ ወዳጆቼ «ቆጠብ ብትዪ ኖሮ እስከ ዛሬ ትሠሪ ነበር» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ እሠራ ነበር። እንግዶቼን ግን ዓይናቸውን እያየሁ ምን እጠይቃቸው ነበር? አልቆጨኝም። ማይክ ያጣሁት በዚያ ጥያቄ ከሆነ፣ እሰየው፣ በደህና ነገር አጣሁት።