ለአንድ ፊት የተሰፋ ከለላ

አማቴ ሱቃቸውን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ሊለቁ የወሰኑ ሰሞን ደሜ ፈልቶ ነበር። ሰውዬው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይገባና «እትዬ፣ አይረበሹ፤ እዚህ ጋ መደርደሪያ ይገባ እንደሆን ልይ ብዬ ነው» እያለ ግድግዳውን ይለካል። የሱቁ ባለቤት ቁጭ ብለው እያሉ! እሳቸው ደግሞ ከሥራ ጠረጴዛቸው ቀና ሳይሉ «ለካ፣ ልጄ፣ ለካ» ይሉታል። ለእኔ ቢተውልኝ በዚያው ሜትር አንቄ ባስወጣሁት። ሰፈሩ «ምላሷ» የሚለኝ ያለ ነገር አይደለም። ግን የአማት ነገር ሆኖብኝ ዋጥ አደረግሁት።

እሳቸውን ደግሞ ሰፈሩ «እትዬ ሽቦ» ይላቸዋል። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የድምፅ ማጉያ፣ ብቻ ድምፁ የጠፋ ዕቃ ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣል። ከፊት ያለሁት እኔ ነኝ፤ ዕቃውን ተቀብዬ፣ ከደንበኛው ጋር ተሟግቼ ወደ ውስጥ አቀብላለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ግን የእሳቸው ግዛት ነው። በወጣትነታቸው የስልክ ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። ጣቢያው መሣሪያውን በአዲስ ለውጦ እሳቸውን ሲያሰናብት የእጅ ሰዓት ሊሸልማቸው አስቦ ነበር አሉ። «ሰዓትስ ባሌም አለው። ይልቅ ያንን ልትጥሉት ያወጣችሁትን ስጡኝ» አሏቸው።

ሊጣል የወጣው ኦሲሎስኮፕ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በትንሽ መስኮት ላይ በአረንጓዴ የብርሃን መስመር እየሳለ የሚያሳይ፣ ባለ ብዙ ቁልፍ፣ ድንጋይ የሚያህል ሳጥን። ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ወደ ቤት ገቡ። ጫማ ሰፊ የነበሩት ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሩ ላይ ቆመው «የሰው ባል በሚስቱ ላይ ጣውንት ያመጣል፤ እኔ ላይ ሚስቴ አመጣችብኝ!» አሉ ይባላል።

ግን ለዚያች «ጣውንት» ልብስ የሰፉላት እኚያው ባል ናቸው። ሱቃችን ፊቱ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ይገባና በመስኮቷ ላይ ያለውን መስመር ድራሹን ያጠፋዋል። ስለዚህ ከጥቁር ቆዳ ከለላ ሰፉላቸው፤ አንዱ ጫፉ በመስኮቷ ላይ ይገጠማል፣ ሌላው ጫፉ ፊት ላይ ይለጠፋል። ጫማ ሰፊ ናቸውና የሚስታቸውን ግንባር፣ አፍንጫና ጉንጭ ለክተው ነው የቆረጡት። ከእሳቸው ፊት ሌላ ፊት አይገባበትም። እኛም የሳጥኑን ወሬ የምንሰማው ከአፋቸው ነበር። ስሙንም «ዳኛው» ብለውታል፤ ዕቃው ቢክድ፣ ደንበኛው ቢዋሽ፣ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ባሌ እንኳ ስንጨቃጨቅ «ነይ ዳኛው ጋ እንሂድ» ይለኛል።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው ከከለላው እየወጡ ዓይናቸውን ማሸት የጀመሩት። መነጽር ለወጡ። ደግመው ለወጡ። በመጨረሻ ጎትቼ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ወጣት ነው፤ ተጠንቅቆ መረመራቸውና «እናቴ፣ በመነጽር ዓይንዎ ደህና ነው» አላቸው።

«ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ። ከሰዓት በኋላ ነው ብዥ የሚልብኝ።»

«እንግዲህ ይደክምዎት ይሆናል። ያርፉ እንጂ ዓይንዎስ ምንም አልሆነም።»

ወጥተን መንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉና «አየሽ፣ እንዳልደነግጥ ብሎ ደበቀኝ። ጨዋ ልጅ ነው» አሉኝ። ወይ ጉድ! ደህና ነሽ የተባለ ሰው እንዲህ ሲያዝን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ መጣ። ሠርተው፣ «ዳኛው ነፃ ብሎታል» ብለው የሸኙት ዕቃ ነው፤ እንደ ተቆጣ ንብ እየጮኸ ተመለሰ። በዚያ ሱቅ ውስጥ በዚያው በሽታው የተመለሰ ዕቃ ታይቶ አይታወቅም። ያመጣው መምህር መልካም ሰው ነው፣ ሊያጽናናቸው ብሎ «ምንም አይደል እትዬ፤ ዕድሜ ነው» አላቸው። አፉን በያዝኩት ኖሮ! ያቺ «ዕድሜ ነው» ገደለቻቸው።

ራት ላይ ለልጃቸው፣ ማለት ለባሌ፣ ቁርጡን ነገሩት። «ሱቁን ለልብስ ሰፊው እለቃለሁ። በማያይ ዓይን የሰው ዕቃ አላበላሽም።»

«እማዬ፣ እስቲ ረጋ በይ...»

«ጨርሻለሁ አልኩህ።» ጥሩዋን ፒንሳቸውን አውጥተው ለመኪናህ ይሁንህ ብለው ሰጡት። ባሌ ፒንሳዋን ተቀብሎ ኪሱ ከተታት። እኚህ ሴት ያለዚያ ጠረጴዛ ምን ሊሆኑ ነው? ቤት ተቀምጠው ጣሪያ ሊቆጥሩ? ከዚያ በኋላ ነው ሰውዬው ሜትሩን ይዞ መመላለስ የጀመረው።

ታዲያ አንድ ቀን ፀሐይ ወደ በራችን ስትዞር፣ «ቢያንስ ይህችን ሳልጨርስ አልወጣም» ብለው የትምህርት ቤቱን ማጉያ ከፍተው ከለላው ውስጥ ገቡ። እኔ ከአንድ ደንበኛ ጋር እሟገት ነበር፤ ሬዲዮው ጠረጴዛዬ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ «ውሃ ነክቶት አያውቅም» ይለኛል። እሱን ሸኝቼ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ የአማቴ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ከከለላው ሲወጡ ፊታቸው በእንባ ርሷል። «አልሆነልኝም፣ ልጄ» አሉና ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ወጡ።

ነደደኝ። በማን እንደ ነደደኝ እንጃ፣ በዳኛው መሰለኝ። «ምን አሳይተህ ነው የምታስለቅሳቸው፣ አንተ ሳጥን!» ብዬ ፊቴን ከለላው ውስጥ ዶልኩት። ግንባሬ ተጨመቀ፣ አፍንጫዬ አልገባ አለ፣ የሰው ጫማ ያጠለቅሁ ያህል ጠበበኝ። እንደ ምንም ብዬ አየሁ። አረንጓዴ ነገር ተጋድሟል፤ ወፍራም፣ ጠርዙ ብን ብን ያለ፣ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ የሱፍ ክር የመሰለ። እኔ ምን አውቃለሁ? መልኩ እንዲህ ነው ብዬ ወጣሁ።

ፊታቸውን እያደረቁ ሲመለሱ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ይሄ መስመር ድሮም እንዲህ ወፍራም ነው?»

«የምን መስመር?»

«የዳኛው ነዋ። ሱፍ የመሰለው።»

ፎጣው ከእጃቸው ወደቀ። «አንቺም ብዥ ይልብሻል?»

«እኔ ምን ይልብኛል? የልብስ ሰፊውን መርፌ ቀዳዳ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። እሱ ነው እንጂ ብዥ ያለው!»

መጥተው ሁለቱንም ትከሻዬን ጨብጠው «ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አንድ ነገር ሊሆኑብኝ ነው ብዬ ስደነግጥ ሳቁ፣ መጀመሪያ በትንሹ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ዳኛውን መጠርጠር ፈርቼ የገዛ ዓይኔን ስከስ ከረምኩ! ያ ምስኪን ሐኪም እውነቱን ነግሮኛል እኮ!»

ከዚያ የሆኑትን ባያችሁ! እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መስመሩን የሚያቀጥነውን ቁልፍ በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ወደ መጨረሻው ዞሮ ዞሮ አልቋል። «በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ሳዞረው ኖሬአለሁ። እጄ ያወቀውን እኔ አላወቅሁም» አሉ። ቀጥለውም «ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት በኋላ ብዥ። የደከመው ዓይኔ አይደለም፤ ሲውል የሚሞቅ ነገር ውስጡ አለ» አሉ። ሶኬቱን ነቀሉና የሳጥኑን ክዳን ከፈቱ።

እጄን ልሰድ ስል መቱኝ። «አትንኪ! ይሄ ከተነቀለም በኋላ ባጠራቀመው ኤሌክትሪክ ይናከሳል።» ግራ እጃቸውን ከወገባቸው ኋላ አድርገው፣ ከሳጥኑ ብረት ጋር በሽቦ ያሰሩትን ካቻቢቴ በቀኛቸው ወደ ውስጥ ሰደዱት። ጠሽ! አለ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ መቼ እንደ ደረስኩ አላውቅም። «ነይ፣ አሁን በግ ነው» አሉኝ እየሳቁ።

ኤሌክትሪኩን ቆንጠጥ እያደረጉ የሚያሳልፉ ሬዚስተር የሚባሉ ትንንሽ ዕቃዎች ተደርድረዋል። የእያንዳንዱን አንድ እግር ከቦታው እያላቀቁ በቴስተር ለኩ። ይሄ ደህና። ይሄም ደህና። አንዱ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ላዩ እንደ ወንድሞቹ ነው፣ አልጠቆረም፣ አልተሰነጠቀም፤ ልኩ ግን መሆን ከሚገባው እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የጋለ የመበየጃ ካውያ ጠጋ አድርገው አሞቁት። ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ወደ ላይ ወጣ። «ያዝኩህ! ሲሞቅህ መስመሩን የምታወፍር አንተ ነህ!» ብለው ጮኹ። እኔም ጮህኩ፤ ምን እንደ ተያዘ በቅጡ ሳይገባኝ።

እንደሱ ያለ ዕቃ ዛሬ የሚሸጥ የለም። አዲሶቹ ትንንሾች ናቸው፣ አንዱ ብቻውን ያንን ኃይል አይችለውም። ስለዚህ ሦስቱን ቀጣጥለው ሸክሙን አካፈሏቸው፣ ሽፋን አለበሷቸውና በየዱ። ሶኬቱን ሰኩ። መስኮቷ ጨለማ ናት። አሁንም ጨለማ። «እማማ...» ስል «ቆይ እንጂ! ሽማግሌ ነው፣ ይሙቅ» አሉኝ። ፊታቸውን ከለላው ውስጥ ከተቱ፣ ቁልፉን ወደ መሃል መለሱት።

«ክር!» አሉ ከውስጥ። «ልጄ፣ ክር ነው! የመርፌ ክር!»

እልልታዬን አቀለጥኩት። ባሌ ደንግጦ እየሮጠ ገባ፤ እናቱ አቅፈው አሽከረከሩት፣ በዚያውም እጃቸውን ዘርግተው «ፒንሳዬን መልስ» አሉት። እሱም ቢሆን ከኪሱ አውጥቶ ሲሰጣቸው ፊቱ በርቶ ነበር።

ግን እሳቸው ሳያረጋግጡ የሚያምኑ አይደሉም። በማግስቱ ዳኛውን ከጠዋት ጀምሮ አብርተው ተዉት። ያቺ ክፉ ሰዓት፣ ፀሐይ በበራችን የምትገባዋ፣ ደረሰች። መስመሩ ያው ክር ነው። በዚያው ክር ላይ የትምህርት ቤቱን ማጉያ አዩት፤ በሱፉ ውስጥ ተደብቃ የነበረች ጥርስ ጥርስ የምትል ትንሽ ሞገድ ፍንትው ብላ ታየች። በሽታዋን ነቅለው ጣሉ። መምህሩ ሊወስደው ሲመጣ ማጉያው እስከ ጥግ ተከፍቶ የንብ ጩኸቱ ጭጭ ብሏል። «እትዬ፣ ምን አገኙበት?» ቢላቸው ቀና ብለው «ዕድሜ አይደለም» አሉት። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሱ ሳይወጣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ይዞ ከች አለ።

«ሜትርህን ይዘሃል?» አሉት አማቴ።

«ይዣለሁ፣ እትዬ። የዛሬው የመጨረሻው ነው።»

«እንግዲያ ግድግዳውን ተወውና የእኔንና የእሷን ፊት ጎን ለጎን ለካልን። ሱቁ የትም አይሄድም። ይህንን ከለላ ከመሃል ከፍተህ፣ ጥቁር ጨርቅ ጨምረህ ለሁለት ፊት አስፋልኝ።»

ሰውዬው ምን ያድርግ፣ እሱም ሳቀና ለካን። እኔ ግን ከለላውን ያዝ አደረግሁት። «እማማ፣ የአባባ እጅ ያረፈበት ቆዳ እንዴት ይቀደዳል?»

«እሱ ለእኔ የሰፋው ያኔ ብቻዬን ስለነበርኩ ነው» አሉኝ። «አንቺን ቢያይሽ ኖሮ ራሱ ያሰፋው ነበር። ደግሞ በአንድ ምስክር ተፈርዶብኝ ምን እንደ ሆንኩ አየሽ አይደል?»

አሁን ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን አልፌ እገባለሁ፤ የእሳቸው መነጽር ጉንጬን እየወጋኝ አንድ ከለላ ውስጥ እናያለን። ራሳቸው ከመፍረዳቸው በፊት «ምን ታያለሽ?» ይሉኛል። ያየሁትን እናገራለሁ፣ ስሳሳት ይስቁብኛል፣ ልክ ስሆን ዝም ይላሉ። ፈራ ብዬ ወደ ኋላ ካልኩ ግን አይለቁኝም።

«ጠጋ በይ እንጂ» ይሉኛል፣ «ፀሐይ አስገባሽብን።»